ሪሞቱና ኳሱ

ጥያቄ፦ «ባለቤቴ የሒሳብ ሠራተኛ ነው። ድሮ እሑድ እሑድ ጠዋት ከሰፈር ልጆች ጋር ኳስ ይጫወት ነበር። ሥራ ከበዛበት ወዲህ ትቶታል፤ ዓመት ሊሞላው ነው። አሁን ማታ ሲገባ ፊቱን አይተን ነው የምናወራው። ባለፈው ልጃችን ሻይ ብትደፋ ሪሞቱን ከግድግዳ አላተመው። እጁን አንስቶብን አያውቅም። ግን የማውቀው ሰው አልመስል አለኝ። ምን ላድርግ?»

መልስ፦ እህቴ፣ እኔን የያዘኝ ከሪሞቱ ይልቅ ኳሱ ነው። አንቺ እግረ መንገድሽን ነው ያነሳሽው።

ሥራ ሲደራረብ ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚቆርጠው እንቅስቃሴውን ነው። ስፖርት አለቃውን አይቀይርለትም። የሚቀይረው ጭንቀት ሲመጣ እሱ የሚሆነውን ነው። አሜሪካ፣ ኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በአይጦች ላይ የተሠራ ሙከራ አለ። ሊያመልጡት የማይችሉት ጭንቀት የደረሰባቸው አይጦች፣ በኋላ መውጫ ቢከፈትላቸው እንኳ ለማምለጥ ይቸገራሉ፤ ፍርሃታቸውም ይብሳል። ቀደም ብለው ለ6 ሳምንት ሲሮጡ የቆዩት ግን እንደ ወትሯቸው ናቸው። 3 ሳምንት ብቻ የሮጡት ይህን አላገኙም። አንዱ ምክንያት፣ ሴሮቶኒን የሚባለውን፣ ከስሜት ጋር የተያያዘውን ኬሚካል የሚያመነጩት የአንጎል ሕዋሳት በጭንቀት ጊዜ ከልክ በላይ አለመነሳሳታቸው ነው። ሰው አይጥ አይደለም፤ ሳምንቱም ልክ በልክ አይገጥምም። ግን አንድ ሰው ሁለት ሳምንት ሞክሮ «ምንም አልለወጠኝም» ሲለኝ ይህ ሙከራ ትዝ ይለኛል።

ማታ ሲቆጣ «ሂድ ስፖርት ሥራ» እንዳትዪው። ስድብ ነው የሚመስለው። ቅዳሜ ቡና ላይ «ኳሱ አልናፈቀህም?» በዪው። የእሑድን ጠዋት ከለቅሶ በቀር ለሌላ ጉዳይ አትስጪበት። በሥራ ቀን ደግሞ ከታክሲ ቀደም ብሎ ወርዶ ፈጠን እያለ 30 ደቂቃ ይራመድ። አምስት ቀን ከሆነ የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ቢያንስ የሚመክረው 150 ደቂቃ ሞላ። ደግሞ በሩን ሳያንኳኳ ትንሽ ይበርድለታል።

ሪሞቱን ግን በጭንቀት አሳበን አናልፈውም። ልጅቷን ቁጭ አድርጎ ይቅርታ ይጠይቃት፤ ጥፋቱ የእሷ እንዳልሆነ ከእሱ አፍ ትስማ። እጁን ካነሳ፣ እንቅልፍ ካጣ ወይም መኖር አስጠላኝ ካለ ነገሩ ከኳስ በላይ ነው። ያኔ ባለሙያ ጋ ሳትውሉ ሳታድሩ ሂዱ።

የመጀመሪያው እሑድ እግሩን አሳስሮት ነው የሚገባው። ሰኞ ብሶበት ብታዪው አትደንግጪ።