ናኖ ብር በወንዝ ውስጥ፦ የትኛው ሞዴል?

ከልብስ የሚታጠብ ናኖ ብር (በዓይን የማይታዩ እጅግ ጥቃቅን የብር ማዕድን ቅንጣቶች) የአዲስ አበባው ባንትይቀጡ ወንዝ ሲገባ የት እንደሚደርስ፣ ለሟሟ ኬሚካል በተሠራ የስሌት ሞዴል ላስላው ወይ ብለሃል። ወንድሜ፣ ተው። ያ ሞዴል ኬሚካሉ በውኃና በደለል መካከል ተከፋፍሎ ሚዛን ላይ ይደርሳል ብሎ ይነሣል፤ ናኖ ቅንጣት ግን ከደለል ጋር ይጋጫል፣ ይጣበቃል፣ ይዘቅጣል። ማስላት ያለብህ የግጭቱንና የመጣበቁን ፍጥነት ነው። ክረምት ላይ በፍልውሃ በኩል ወንዙ ቡናማ ሆኖ ሲወርድ አይተህ ከሆነ፣ የደለሉ መጠን በየወቅቱ ለምን መለካት እንዳለበት ይገባሃል።

በቆሻሻ ውኃው ፍሳሽ ውስጥ ያለው ሰልፋይድም (የድኝ ውህድ) ብሩን እምብዛም ወደማይሟሟ ብር ሰልፋይድ ይለውጠዋል፤ መርዛማነቱም ይቀንሳል። ይህን ከተውክ አደጋውን ታጋንናለህ። የዘቀጠው ግን ጠፋ ማለት አይደለም፤ ጎርፍ ቀስቅሶ ወደ አቃቂ ወንዝ፣ ከዚያም ወደ አባ ሳሙኤል ግድብ ሊያወርደው ይችላል።