«ካትል» እና «ቻተል» ምንና ምን ናቸው?

ጥያቄ፦ በእንግሊዝኛ «ካትል» የቀንድ ከብት፣ «ቻተል» ደግሞ በሕግ ቋንቋ ተንቀሳቃሽ ንብረት ነው። ሁለቱም ከአንድ የላቲን ቃል መጡ ይባላል። ታዲያ አንዱ በ«ካ»፣ ሌላው በ«ቻ» ለምን ጀመረ?

መልስ፦ የቃላቱ ሥር በእርግጥ አንድ ነው፤ የገቡበት በር ነው የተለያየው። በላቲን «ካፑት» ማለት ራስ ነው። ከእሱ «ካፒታሊስ» (ዋና) የሚል ቅጽል ወጣ፤ «ካፒታሌ» የሚለው መልኩ በመካከለኛው ዘመን ላቲን ንብረት፣ ሀብት ለማለት ዋለ። በአፍ ሲነገር አጽንዖት የሌላት «ኢ» ወደቀችና «ካፕታሌ» ተባለ፤ ከዚያ «ፕ» በ«ት» ተዋጠች።

በፓሪስ አካባቢ ከ«አ» በፊት ያለው የላቲን «ክ» ወደ «ች» ስለተለወጠ ቃሉ «ቻተል» ሆነ። በሰሜናዊ ፈረንሳይ ያለችው የኖርማንዲ ሰሜናዊ ክፍል ግን «ክ»ን ሳይለቅ «ካተል» አለ። ሁለቱን አነጋገሮች የሚለየው መስመር በ1883 እ.ኤ.አ. በገለጸው ምሁር ስም የዦሬ መስመር ይባላል። መስመሩ ኖርማንዲን ራሷን ለሁለት ይከፍላል፤ ስለዚህ «ኖርማን ሁሉ በክ ይናገራል» ማለት አያስኬድም፣ ደቡቡ እንደ ፓሪስ ነው።

ኖርማኖች (የኖርማንዲ ሰዎች) በ1066 እ.ኤ.አ. እንግሊዝን ከወረሩ በኋላ እንግሊዝኛ መጀመሪያ የኖርማኑን «ካተል» ወሰደ። ትርጉሙ ማንኛውም ንብረት ነበር፤ እየዋለ እያደረ ለእንስሳት፣ በመጨረሻም ለቀንድ ከብት ብቻ ቀረ። «ቻተል» ከፓሪሱ ፈረንሳይኛ ገብቶ ሕግ አዋቂዎች ዘንድ ስለተቀመጠ የጥንት ትርጉሙን አልለቀቀም። «ካፒታል»ም የእነዚሁ ወንድም ነው፤ ከመጻሕፍት ላቲን ስለተቀዳ ግን «ፒ»ው አልተነካም።

የፓሪሱ «ች» በ13ኛው ክፍለ ዘመን «ሽ» ሆኗል፤ ይህ ቃሉ የገባበትን ዘመን ለመገመት ይረዳል። «ቺፍ» (አለቃ) እና «ሼፍ» ሁለቱም የ«ካፑት» ልጆች ናቸው፤ በ«ች» የሚጀምረው ቀድሞ የገባው ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው «ች» ባየ ቁጥር ፓሪስ ነው ሲል ነው። መጀመሪያ የላቲኑን ቃል ያግኙ፤ ከ«ክ» ቀጥሎ ያለውን አናባቢ ይዩ። «አ» ከሆነ ከላይ ያለው ይሠራል። «ኤ» ወይም «ኢ» ከሆነ ነገሩ ይገለበጣል፦ ፓሪስ «ስ»፣ ኖርማን «ች» ይላል። ከላቲኑ «ኬራሱስ» (የቼሪ ዛፍ) ፈረንሳይኛ ፍሬውን «ስሪዝ» ሲል፣ የእንግሊዝኛው «ቼሪ» የመጣው ከኖርማኑ «ቸሪዝ» ነው። የመጨረሻዋን «ዝ» እንግሊዞች የብዙ ቁጥር ምልክት መስላቸው ቆርጠው ጣሏት።