«አክሽኑን ዝቅ አርግልኝ» ለምትሉ ልጆች

ጊታር ይዞ የሚመጣ ልጅ ሁሉ ገና ከቦርሳው ሳያወጣው የሚለኝ አንድ ነገር ነው፣ «ጋሼ አክሽኑን ዝቅ አርግልኝ»፣ ክሩ ከጊታሩ አንገት ያለውን ከፍታ ማለቱ ነው። ምን ያህል? ስለው «እስከሚቻለው» ይለኛል። አልፈርድባችሁም፣ እኔም በናንተ እድሜ እንደዛው ነበርኩ፣ ሆቴል ስንጫወት እኩለ ሌሊት አካባቢ ጣቴ ሲዝል ጥፋቱን ሁሉ ክሩ ላይ ነበር የማላክከው፣ ለካ ግማሹ ጥፋት የራሴ ነው፣ ክሩን እንደ ጠላት ነበር የምጫነው።

እና አንድ ቀን የሆነ ሰው «ኔኩ (አንገቱ) ውስጥ ያለውን ትረስ ሮድ (ረጅሙን ብረት) ካጠበቅከው ክሩ ይወርዳል» አለኝ። እውነቱን ነው፣ ይወርዳል። በደንብ በማይገጥም አለን ቁልፍ አንዴ አዞርኩት ወረደ፣ ደስ አለኝ፣ ደገምኩት፣ ሶስተኛው ላይ ቁልፉ ዝም ብሎ መሽከርከር ጀመረ። ጥርሱን በልቼዋለሁ። ጊታሩ ደሞ የኔ አልነበረም፣ የተዋስኩት ነው (ባለቤቱን መንገድ ላይ ሳየው ዛሬም አንገቴን እደፋለሁ)።

ትረስ ሮድ የክር ከፍታ ማስተካከያ አይደለም። 10 ቁጥር ክር (ቁጥሩ የክሩ ውፍረት ነው) ረዘም ባለው የፌንደር ኔክ ላይ ስትቃኙት ስድስቱ ክሮች አንድ ላይ ወደ 47 ኪሎ ይጎትታሉ፣ ግማሽ ኩንታል ሊሞላ ትንሽ ነው የቀረው። ብረቱ እዛ የተቀመጠው ይሄን ጉተታ ሊቋቋምላችሁ ነው። ኔኩ ደሞ ድርቅ ብሎ ቀጥ እንዲል አንፈልግም፣ ክር ሲርገበገብ መሃሉ ላይ ሰፋ ስለሚል ትንሽ ጎበጥ ማለት አለበት። ለማየት አንደኛው ፍሬት (ኔኩ ላይ በአግድም ከተደረደሩት ስስ ብረቶች የመጀመሪያው) ላይ ካፖ (ክሮቹን የሚጫን መቆንጠጫ) አድርጉ፣ የመጨረሻውን ፍሬት ተጫኑና ስምንተኛው ላይ በክሩና በፍሬቱ መሃል ያለውን ክፍተት ለኩ፣ 0.25 ሚሊሜትር ገደማ ከሆነ አትንኩት። መለኪያው መካኒኮች የቫልቭ ክፍተት የሚለኩበት ስስ ብረት ነው፣ ጋራዥ የሚሰራ ጓደኛ ካላችሁ ተዋሱት። ክፍተቱ ከበዛ ትረስ ሮዱን ሰዓት እንደሚዞረው ሩብ ዙር ብቻ፣ ከዛ እንደገና መቃኘት፣ እንደገና መለካት። ሩብ ዙር ነው ያልኩት ልጆች።

አዲስ አበባ ውስጥ ደሞ ኔክ አመቱን ሙሉ አንድ አይነት አይሆንም። ክረምት እንጨቱ እርጥበት ይጠጣና ይጎብጣል፣ ክሩ ከፍ ይላል፣ ጥር ላይ ይደርቅና ያው ጊታር መጀመሪያዎቹ ፍሬቶች ላይ ይንጫጫል። ከአሜሪካ ዘመድ በሻንጣ ያመጣላችሁ ጊታር የፍሬቶቹ ጫፍ እጃችሁን ቢቧጭራችሁ እንጨቱ ደርቆ ስለተሰበሰበ ነው፣ የተጭበረበራችሁ እንዳይመስላችሁ።

የክሩ ከፍታ የሚስተካከለው ብሪጁ ላይ፣ ሳድሎቹ (ክሮቹ ጊታሩ አካል ላይ የሚያርፉባቸው ትንንሽ ብረቶች) ጋ ነው። ፌንደር በብዛት ለሚሰራቸው ኔኮች 17ኛው ፍሬት ላይ 1.6 ሚሊሜትር ይላል፣ ጊብሰን ደሞ 12ኛው ላይ ወፍራሙን ክር 2፣ ቀጭኑን 1.2 አካባቢ። እኔ ከዛ ነው የምጀምረው እንጂ እዛ ላይ አልሞትም፣ ምክንያቱም ትዝታ የሚጫወት ልጅና ቀኑን ሙሉ ኮርድ የሚመታ ልጅ አንድ አይነት ጊታር አያስፈልጋቸውም። ትዝታ ላይ ክሩን ስባችሁ ድምፁን ታስለቅሱታላችሁ አይደል፣ በድሮዎቹ ስትራቶች (የፌንደር ሞዴል ነው) አይነት ፊንገርቦርዱ፣ ጣት የሚጫነው የኔኩ ፊት፣ ክብ የሆነ ጊታር ላይ አክሽኑ በጣም ከወረደ ቀጭኑን ክር ስትስቡት የጉብታውን አናት ይነካና ድምፁ እዛው ታንቆ ይቀራል። እንዲህ ያለውን ጊታር ስሰራ ቀጭኑን ክር ትንሽ ከፍ አደርገዋለሁ፣ ልጁ መጀመሪያ ያኮርፋል፣ ሳምንት ቆይቶ ይስቃል።

ከፍታው ከተነካ ኢንቶኔሽኑም (ጊታሩ በየፍሬቱ ትክክለኛውን ድምፅ መስጠቱ) አብሮ ይናጋል። 12ኛው ፍሬት ላይ ተጭናችሁ ቱነሩ (የቅኝት መለኪያው) ከፍ ካለ ሳድሉን በካቻቪቴ ወደ ኋላ፣ ዝቅ ካለ ወደ ፊት፣ በቃ ይሄው ነው። በአሮጌ ክር ግን አትልፉ፣ ያረጀ ክር ቱነሩንም ይዋሻል። ቁጥር መቀየር ካሰባችሁም መጀመሪያ ቀይሩ፣ ከ10 ወደ 9 ስትወርዱ ጉተታው ስለሚቀንስ ኔኩም ስለሚንቀሳቀስ የለፋችሁት ሁሉ ዜሮ ነው።

ጓዳ ውስጥ ሳትሰኩት የምትሰሙት ትንሽ ዝዝታ አምፕ ላይ ካልወጣ ተዉት፣ ስንቱ ልጅ ማንም የማይሰማውን ድምፅ ሲያሳድድ ጊታሩን አበላሽቷል።

አንድ የቀረኝ ነት ነው፣ ክሮቹ ወደ መቃኛ ቁልፎቹ ሲሄዱ የሚቀመጡበት ነጩ ነገር። ኤፍ ኮርድ ጣት ከገደለ ሁሉም ሳድሉን ይወነጅላል፣ እናንተ ግን ሶስተኛው ፍሬት ላይ ተጫኑና አንደኛውን ፍሬት እዩ፣ ክሩ ሊነካው ትንሽ ብቻ ነው መቅረት ያለበት። ሰፋ ያለ ክፍተት ካለ ችግሩ ነቱ ላይ ነው። እሱን ግን በሳንድ ፔፐር አትፈግፍጉብኝ፣ ሳድል ቢሳሳት ዞሮ ይመለሳል፣ ነት አንዴ ከጠለቀ አይመለስም፣ ይዛችሁት ኑ፣ የነት ሞረዱ እኔ ጋ አለ።