ሽንኩርቱ የጠማው አይመስለኝም

ጥያቄ፦ ከመቂ ወደ ባቱ ስትሄዱ በስተግራ፣ ዝዋይ ሐይቅ ዳር ግማሽ ሄክታር ሽንኩርት አለኝ። ችግኙን ያዛወርኩት ኅዳር ላይ ነው። አሁን ቅጠሉ ከጫፉ ጀምሮ ቢጫ እየሆነ ነው፤ ታች ያለው ደግሞ ይብሳል። ዩሪያ ሁለት ጊዜ ጨመርኩ፣ ለውጥ የለም። ማታ ማታ ልጄ በሞተር ያጠጣል፣ ውኃ አላጎደልንበትም። በዚህ ላይ የወረዳ ሰዎች መጥተው ሐይቁ ዳር ችካል ተከሉና «ከዚህ አልፋችሁ እንዳታርሱ፣ ውኃም ቆጥቡ» ብለውን ሄዱ። ውኃ ከቀነስኩበት ጭራሽ አይሞትብኝም ወይ? ምን መድኃኒት ልርጭበት?

መልስ፦ ጋሼ፣ መድኃኒቱን ለጊዜው ይተዉት። ስለ በሽታው ብዙ ባይጽፉልኝም ምክንያቱን ሳያስቡት ነግረውኛል፦ «ታች ያለው ይብሳል» ብለዋል፣ «ማታ ማታ ልጄ ያጠጣል» ብለዋል። ማታ የሚያጠጣ ወጣት ሞተሩን ያስነሣል፣ ውኃውን ቦይ ውስጥ ይለቅና ጋቢውን ተከናንቦ ጋደም ይላል። እኔም በልጅነቴ አድርጌዋለሁ። ሲነቃ የማሳው ግርጌ ኩሬ ሆኗል።

ሽንኩርትዎን ውኃ ያፈነው ይመስለኛል። ሥሩ አየር ሲያጣ የቀረበለትን አይበላም። ዩሪያውም ከሥሩ በታች ታጥቦ ይወርዳል። ሁለት ጊዜ የከፈሉበት ማዳበሪያ ሽንኩርቱን ትቶ የታችኛውን አፈር፣ ሲብስም ሐይቁን እየቀለበ ነው። ትሪፕስ የሚባለው ተባይ ቢሆን ኖሮ ቅጠሉ ላይ ብርማ ጭረት ይታይ ነበር፤ መሐሉን ገለጥ ሲያደርጉም ደቃቅ ቢጫ ተባይ ሲርመሰመስ ያዩ ነበር። ለማንኛውም ከታችኛው በኩል ሁለት ሦስት ሽንኩርት ነቅለው ሥሩን ይዩት፣ ያሽትቱትም። ጤነኛ ሥር ነጭ ነው። የታፈነው ቡናማ ይሆንና የረግረግ ጭቃ ይሸታል።

እንግዲህ ገንዘብ የማይጠይቀው ሥራ ይኸው። ከማጠጣትዎ በፊት ከመደቡ ላይ አንድ ስንዝር ያህል ቆፍረው አንድ እፍኝ አፈር ያውጡና ይጨብጡት። እጅዎን ካረጠበው ሞተሩ ይረፍ። ድብልብል ብሎ ከያዘና በአውራ ጣት ሲጫኑት ከተሰነጠቀ አንድ ቀን ይታገሡ። አልጨበጥ ብሎ ከተበተነ ያጠጡ። የሽንኩርት ሥር ጥልቅ አይሄድም፤ አብዛኛው ከላይኛው 30 ሳንቲ ሜትር ውስጥ ነው። ከዚያ በታች የወረደ ውኃ ናፍጣ የተቃጠለበት ኪሳራ ነው። የአፈሩ የላይኛው ቆዳ በጥር ፀሐይ ነጭ ሆኖ ስለታየዎት ብቻ አይደንግጡ፤ ከሥሩ ያለውን የሚነግርዎት እፍኙ ነው።

ሁለተኛው ነገር አንድ ቦይ እየዘለሉ ማጠጣት ነው። እንደተለመደው መደቡ ላይ በሁለት ረድፍ፣ በረድፎቹ መሐል 20፣ ለቦዩ 40 ሳንቲ ሜትር ትተው ተክለው ከሆነ እያንዳንዱ መደብ በግራም በቀኝም ቦይ አለው። ዛሬ 1ኛው፣ 3ኛውና 5ኛው ይጠጡ። የሌሎቹን አፍ በአንድ አካፋ አፈር ይድፈኑት። በሚቀጥለው ዙር ተራው የ2ኛው፣ የ4ኛውና የ6ኛው ነው። መደቡ በአንድ ጎኑ ይጠጣል፣ በሌላው ይተነፍሳል። ተራው እንዳይምታታ ባለፈው የጠጣው ቦይ ራስ ላይ እንጨት ይትከሉ። ለዙሩ የሚወስደው ውኃ ወደ ግማሽ ይጠጋል፤ ምርት ከቀነሰም ጥቂት ነው። አፈርዎ በጣም አሸዋማ ከሆነ ግን ውኃው ወደ ጎን ስለማይሰርግ ይህን አይሞክሩት፣ የእፍኙ ሙከራ ብቻ ይበቃዎታል። ገና ሥር ያልያዘ ችግኝ ላይም አይሠራም፤ የእርስዎ ግን ይህን አልፎታል። ልጁም ጎሕ ሲቀድ ይነሣና ቆሞ ያጠጣ፤ ውኃው የቦዩ ጫፍ ሲደርስ ይዝጋው።

ስለ ችካሉ ልናገር። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የውኃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197 ውኃን የሕዝብና የመንግሥት የጋራ ሀብት ያደርገዋል። የውኃ ዳርቻ እንዲከለልና በተከለለው ቦታ ያለው ዛፍና ዕፅዋት እንዳይመነጠርም ሥልጣን ይሰጣል። ዝዋይ ስፋቱ ዐይን ይሞላል እንጂ አማካይ ጥልቀቱ 2 ሜትር ተኩል ገደማ ነው። የመቂና የከታር ወንዞች የሚያመጡለትን ዙሪያውን ያለ ሞተር ሁሉ ሲስበው በቡልቡላ ወንዝ በኩል ለአብያታ ሐይቅ የሚተርፈው ያንሳል። አብያታ ከዳርቻው ምን ያህል እንደሸሸ በዚያ መንገድ ያለፈ ሰው ያውቀዋል። የሐረማያ ሐይቅ በ1990ዎቹ ማብቂያ ሲደርቅ የጫትና የአትክልት ሞተሮች፣ የሐረር ከተማ የመጠጥ ውኃና ከተራራው የሚወርደው ደለል ተባብረውበት ነበር። ኋላ ውኃ መልሶ ቢይዝም በዚያ ሁሉ ዓመት መሐል የማሳው ባለቤት ምን በላ?

ስለዚህ የወረዳው ሰዎች ሐሳብ ልክ ነው። አካሄዳቸው ላይ ቅሬታ አለኝ። ምክንያቱ ያልተነገረው ገበሬ ያንን ችካል በሚመጣው ክረምት ማገዶ ቢያደርገው ማንም አይገረምም።

እናንተንም አልተዋችሁም። ውኃው ሸሸት ባለ ቁጥር ዳሩ ላይ የበቀለውን ፊላ መንጥራችሁ እስከ ጭቃው ድረስ ቲማቲም ትተክላላችሁ። በየማሳው የማየው ይህንኑ ነው፤ መርጫውን እዚያው ሐይቁ ውስጥ የሚያጥብም አይጠፋም። ፊላው እኮ ከማሳ የሚወርደውን ደለል የሚያስቀር ወንፊት ነው። እሱ ሲነሣ የሞተራችሁ ቱቦ ጭቃ ይስባል፣ ሞተሩም በየዓመቱ ጋራዥ ይሄዳል። ፊላውን ከተዋችሁት መልሶ ይበቅላል፤ ችግኝ እንኳ አያስፈልገውም።

ዩሪያ አሁን አይጨምሩ። ሁለት ዙር በዚህ መልክ አጠጥተው አዲስ የሚወጣውን ቅጠል ይዩ፤ ቢጫ የሆነው አሮጌው መልሶ አይለመልምም፣ እሱን አይጠብቁ። አዲሱ አረንጓዴ ሆኖ ከወጣ በዚሁ ይቀጥሉ። አንገቱ መተኛት ሲጀምር ደግሞ ውኃውን ጨርሰው ያቁሙ። እስከ መንቀያው ቀን ውኃ የጠጣ ሽንኩርት አንገቱ ሳይደርቅ ኬሻ ውስጥ ይገባና አዲስ አበባ ሲደርስ ግማሹ በስብሶ ይወርዳል።