እህቴ ጸበል እየተጠመቀች መድኃኒት ብትወስድ እምነት ማጉደል ነው?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን አሉ? ታናሽ እህቴ ከዐረብ አገር ከተመለሰች ዓመት ሊሞላት ነው። እንቅልፍ የላትም፣ አትበላም፣ ሰው ትሸሻለች። ሐኪም መድኃኒት አዞላት ነበር። ዘመዶቻችን «ጸበል እየተጠመቁ ክኒን መዋጥ እምነት ማጉደል ነው» ብለው አስቆሟት። እንግዳ ሲመጣ እናታችን ጓዳ ታስገባታለች። ምን እናድርግ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ እግዚአብሔር እህትህን ይማርልህ።

እምነት ማጉደል አይደለም። መጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 38ን ለዘመዶችህ አንብብላቸው። ስትታመም ጸልይ ይላል፤ ለሐኪምም ስፍራ ስጠው ይላል። ሐኪሙንም መድኃኒቱንም የፈጠረ እግዚአብሔር ነው። ስለዚህ ወደ ሐኪሟ መልሷት። የተቋረጠውን መድኃኒት በራሳችሁ አታስጀምሯት፣ እሱ ይወስን። ጸበሏንም ትቀጥል። በጾም ሰዓት የሚወሰድ ከሆነ ለንስሐ አባቷ ንገሩ፤ ለታመመ ሰው ይፈቅዳሉ።

እኔን ይበልጥ ያሳዘነኝ የጓዳው ነገር ነው። ነቢዩ ኤልያስ አንድ ቀን ከክትክታ ዛፍ ሥር ተቀምጦ «በቃኝ፣ ነፍሴን ውሰድ» ብሎ ለምኖ ነበር። እሳት ከሰማይ ያወረደው ኤልያስ! መልአኩ መጣ። «እንዴት አንተ እንዲህ ትላለህ?» ብሎ አልተቆጣውም። እንጎቻና ውኃ አቀረበለት። በላ፣ ጠጣ፣ ተመልሶ ተኛ። መልአኩ ሁለተኛ መጥቶ «ተነሥና ብላ» አለው። ይህን እናንተም ቤት ማድረግ ይቻላል። ቡና ሲፈላ አጠገባችሁ ትቀመጥ፣ ባታወራም ግድ የለም። እዚያ አገር ምን እንደ ደረሰባት አታፋጧት። ራሷ ስትጀምር ግን ሥራችሁን ትታችሁ ስሟት። «ለምን አትጸልዪም?» አትበሏት፤ እናንተ ጸልዩላት። አሥረን እናስጠምቃት የሚል ዘመድ ቢመጣ እሺ አትበሉ።

እናትህን አደራ፣ አትቆጣት። የሰው አፍ ፈርታ ነው፤ እሷም ልጇን እያየች በየቀኑ ትቆስላለች። ንስሐ አባታችሁ ቤት መጥተው ቢያጽናኗት ጥሩ ነው።

እህትህ መሞት እፈልጋለሁ ካለች፣ ወይም እንደዚያ የሚመስል ነገር ካያችሁባት፣ ብቻዋን አትተዋት። በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ውሰዷት። አዲስ አበባ ከሆናችሁ አማኑኤል ሆስፒታል አለ።

አንተስ እንዴት ነህ? ቅፍርናሆም ላይ ሽባውን ተሸክመው፣ ጣሪያ ነድለው ያወረዱት አራት ሰዎች ነበሩ። ጌታም «እምነታቸውን አይቶ» ይላል ወንጌሉ። አንተ ግን ከደብዳቤህ እንዳየሁት ብቻህን ነው የያዝከው። ሦስት ሰው ፈልግ። አንዱ ንስሐ አባታችሁ ይሁኑ። አንዷ እናትህ የምታምናት ጎረቤት ትሁን። እህትህ የምትወዳት የልጅነት ጓደኛ ካለቻት ደግሞ በዚህ ሳምንት ደውልላት፣ ለቡና ትምጣ።