በፎርሳ ዙሪያ ረግረግና ጫካ በእግር፦ ጠየቃችሁ፣ መለስኩ

ፎርሳ ከሄልሲንኪ 110 ኪሎ ሜትር ገደማ የምትርቅ ትንሽ የፊንላንድ ከተማ ናት። አጠገቧ ታሜላ ውስጥ ሁለት ብሔራዊ ፓርኮች አሉ። አንዱ ቶሮንሱኦ የሚባለው ሰፊ ረግረግ ነው፣ ሌላው ጫካና ሐይቅ የበዛበት ሊየስያርቪ። እኔ ትርፍ ጊዜዬን የምጨርሰው እዚያ ስለሆነ "ያሻችሁን ጠይቁ" ብዬ ነበር፤ ጥያቄው ጎረፈ። ተመሳሳዩን አንድ ላይ አድርጌዋለሁ።

መግቢያ ስንት ነው? ፈቃድ ያስፈልጋል?
ምንም አትከፍሉም፣ ፈቃድም የለም። ፊንላንድ ውስጥ የማንም ጫካ ይሁን በእግር ማለፍ፣ ፍሬና እንጉዳይ መልቀም መብት ነው። የዜግነት ጥያቄም የለውም፣ ትናንት የመጣም ይለቅማል። የሰው ግቢ አጠገብ አትጠጉ፣ በቃ።

መኪና የለኝም። ባቡር አለ?
ፎርሳ የመንገደኛ ባቡር አይገባም። አውቶቡስ ከሄልሲንኪ አለ፣ ግን የሚያደርሳችሁ ከተማው ድረስ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ታክሲ ነው። መኪና ያለው ጓደኛ ፈልጉና ነዳጅ ተካፈሉ፣ ከሁሉ ይሻላል።

ረግረግ ሰው ይውጣል ይባላል። እውነት ነው?
ይህን ያልጠየቀ የለም። ቶሮንሱኦ ውስጥ አፈር የሚመስለው ነገር አፈር አይደለም። በሺዎች ዓመታት የተጠራቀመ፣ በውሃ የራሰ፣ ሳይበሰብስ የቀረ ተክል ነው። በዓመት የሚያድገው 1 ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ አንዳንድ ቦታ ጥልቀቱ 12 ሜትር ይደርሳል፣ የአራት ፎቅ ቁመት ማለት ነው። ከላይ ስፋግነም የሚባል ስፖንጅ የመሰለ ተክል ይሸፍነዋል። ጫማችሁን ጫን ስታደርጉ ውሃው በዙሪያው ቡልቅ ይላል፣ እግራችሁን ስታነሱ ተመልሶ ይጠፋል።

ሙሉ ሰው መዋጡ የፊልም ወሬ ነው። ግን እርጥብ ጉድጓድ ላይ ከረገጣችሁ እስከ ጭን መግባት አለ፣ ውሃውም በረዶ ነው። ከገባችሁ ቆማችሁ አትታገሉ፤ በደረት ተኙና ሰውነታችሁን ዘርጋ አድርጋችሁ በመጣችሁበት በኩል ተሳቡ። ይልቅ መጀመሪያውኑ ከጣውላው አትውረዱ። መንገዱ ረግረጉ ላይ የተዘረጋ ጠባብ ጣውላ ነው፣ ሲዘንብ እንደ ሳሙና ያንሸራትታል። ከፊት ሰው ሲመጣ አንዱ ጠርዝ ይዞ ያሳልፋል፣ ሞይ (ሰላም) ትላላችሁ፣ ትቀጥላላችሁ።

እናቴ ከአዲስ አበባ ሊጠይቁኝ መጥተዋል፣ 68 ዓመታቸው ነው። ይችላሉ?
ይችላሉ እንጂ! ኪልያሞ ወደሚባለው የቶሮንሱኦ መነሻ ውሰዳቸው። ረግረጉን ከላይ የሚያዩበት ማማ ከመኪና ማቆሚያው ብዙም አይርቅም። ደረጃው ከከበዳቸው ከታች ሆነውም ይታያቸዋል። ዱላ ያዝላቸው፣ ዝናብ ጥሎ ከሆነ ግን ለሌላ ቀን አሳድረው። የሻይ ፔርሙዙን እንዳትረሳ፣ ያለ ሻይ ሽርሽር አይሆንላቸውም።

የትኛው ወር ይሻላል?
ሴፕቴምበር። ሰው ሁሉ ጁላይ ይላል፣ እኔ አልስማማም። ጁንና ጁላይ ቢምቢው ያሳብዳል፤ በሴፕቴምበር ግን ቢምቢው ቀንሶ ረግረጉ ቀይና ቢጫ ይሆናል። ዲሴምበር ላይ ከሄዳችሁ በኛ ሰዓት ከቀኑ 9 ተኩል ሳይሞላ ፀሐይ ትጠልቃለች፣ የራስ ባትሪ የግድ ነው። ከኦክቶበር ጀምሮ ደግሞ ከፓርኩ ውጭ ባለው ጫካ የኤልክ (ትልቅ አጋዘን) አደን ስላለ ቀይ ወይም ብርቱካንማ ነገር ልበሱ።

ድብ? ተኩላ? እባብ?
ድብና ተኩላ ፊንላንድ ውስጥ አሉ፣ ግን ሰው ሲሰሙ ይሸሻሉ። መርዛማ እባብ አንድ ዓይነት ብቻ ነው፣ ኪው የሚሉት እፉኝት። ፀሐይ ሲሞቅ ጣውላው ላይ ልታገኙት ትችላላችሁ፤ ቆም በሉ፣ ይሄዳል። እንዳትገድሉት፣ በሕግ የተጠበቀ ነው። ከነደፈ ግን 112 ደውሉ፤ "112 ሱኦሚ" የሚለውን መተግበሪያ ስልካችሁ ላይ ከጫናችሁና በሱ ከደወላችሁ ያላችሁበት ቦታ አብሮ ይደርሳቸዋል።

እኔን የሚያሳስበኝ መዥገር ነው። ላይም የሚባለውን በሽታ ያስተላልፋል። ሱሪያችሁን ካልሲ ውስጥ ክተቱ፣ ማታ ብብትና ከጉልበት ጀርባ ፈትሹ፣ የልጆችን ከጆሮ ጀርባም እዩ።

የትኛውን ፍሬ ልብላ?
ሰማያዊው ሙስቲካ ከጁላይ ጀምሮ ጫካው ውስጥ ሞልቷል። ቀዩ ፑኦሉካ ሴፕቴምበር ላይ ይደርሳል፣ ካርፓሎም ያኔ ረግረጉ ላይ ይገኛል፣ ኮምጣጣ ነው። ሒላ የሚባለው ግን ብዙ ሰው ያሳስታል፦ ቀይ ሲሆን ጥሬ ነው፣ ወደ ብርቱካንማ ቢጫ ሲለወጥና ሲለሰልስ ነው የበሰለው። ሒላ የት እንዳለ ፊንላንዳዊ ጎረቤታችሁን አትጠይቁ፣ አይነግራችሁም!

እንጉዳይ የሚያውቅ ሰው ከጎናችሁ ከሌለ አትንኩ። ነጭና ቆንጆ ሆኖ ጉበት የሚጨርስ ዓይነት እዚሁ ይበቅላል።

እሳት አንድዶ መጥበስ ይቻላል?
በተመደበው ቦታ ብቻ፣ ማገዶ ብዙ ጊዜ ተዘጋጅቶ ይጠብቃችኋል። የሰደድ እሳት ማስጠንቀቂያ ከወጣ ግን ክፍት እሳት ክልክል ነው፣ ከመሄዳችሁ በፊት የአየር ትንበያውን እዩ። ማካራ የሚሉት ቋሊማ አብዛኛው የአሳማ ሥጋ አለበት፤ የማትበሉ የዶሮውን ፈልጉ። የፆም ቀን ከሆነ ድንች በፎይል ጠቅልላችሁ ፍም ውስጥ ቅበሩ፣ ቆንጆ ነው።

ልጆቼ ጣውላ ላይ መሄድ ይሰለቻቸዋል።
ሊየስያርቪ ውሰጂያቸው እህቴ። ኮርተኒየሚ የሚባል የድሮ እርሻ ቤት አለ፣ በፊንላንድ በጋ (ጁንና ጁላይ አካባቢ) ከብትና በግ ያያሉ። ኩናራንሐርዩ የሚሉት በሁለት ሐይቅ መካከል የሚያልፍ ጠባብ ኮረብታም አለ፣ የበረዶ ዘመን ትቶት የሄደ ነው። ቶሮንሱኦም ብትሄዱ ሥራ ስጫቸው፦ ነፍሳት የምትበላዋን ተክል ይፈልጉ። ሳንቲም የምታክል ቅጠሏ ላይ ቀይ ፀጉር አላት፣ እያንዳንዱ ፀጉር ጫፍ ላይ የምታጣብቅ ጠብታ። ቢምቢ ተይዛ ያገኙ ዕለት ከዚያ አይነሱልሽም።

ረግረጉ ላይ የሚጮኹት ረጃጅም ወፎች ምንድን ናቸው?
ኩርኪ ይሏቸዋል፣ በእንግሊዝኛ ክሬን የሚባሉት ናቸው። ጎጇቸውን ረግረግ ላይ ስለሚሠሩ በፊንላንድ ፀደይ (ኤፕሪልና ሜይ አካባቢ) ከመንገድ መውጣት እነሱን መረበሽ ነው። ሴፕቴምበር አካባቢ ተሰብስበው ወደ ደቡብ ይሄዳሉ። አንዳንዶቹ የፊንላንድን ክረምት የት እንደሚያሳልፉ ታውቃላችሁ? ኢትዮጵያ! ጣና አካባቢ የሚያርፉም አሉ። ያለ ቪዛ፣ ያለ ትኬት። 

ውሻ መውሰድ ይቻላል? ሽንት ቤትስ?
ውሻ በማሰሪያ ይቻላል፣ መፍታት ግን አይቻልም። እረፍት ቦታዎቹ ላይ የጉድጓድ ሽንት ቤት አለ። ሶፍት ከቤት ያዙ፣ እዚያ ይኖራል ብላችሁ አትተማመኑ። ቆሻሻችሁንም ይዛችሁ ተመለሱ፣ መንገድ ላይ የቆሻሻ ገንዳ የለም።