ጉዳቱ «ከፍተኛ» ከተባለ የመስኖ ግድብ በታች ቤት ይገዛል?

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። ጠያቂያችን በምዕራብ አሜሪካ ቤት ሊገዙ አስበዋል። ከቤቱ ወደ ላይ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ ገበሬዎች ለመስኖ የሠሩት አነስተኛ የአፈር ግድብ አለ። በብሔራዊ የግድቦች መዝገብ ላይ ሲያዩት የጉዳት ደረጃው «ከፍተኛ»፣ ይዞታው (ግድቡ ያለበት ሁኔታ) ደግሞ «መካከለኛ» ይላል። «ሊፈርስ ነው ማለት ነው? ልተወው?» ብለው ጠይቀዋል። ከመለሱት ግማሹ «ሽሹ» ሲሉ ግማሹ «መንግሥት ካወቀው ምን አስጨነቀዎት» ብለዋል። እኔ እንጀራዬ እንዲህ ያሉትን ትንንሽ ግድቦች እየዞሩ መፈተሽ ስለነበረ በሁለቱም አልስማማም።

ሁለቱ ደረጃዎች ፈጽሞ የተለያየ ነገር ነው የሚናገሩት። የጉዳት ደረጃው ግድቡ ቢፈርስ ከታች ምን እንደሚደርስ ብቻ ይገልጻል። የአንድ ሰው ሕይወት እንኳን ሊጠፋ ይችላል ተብሎ ከተገመተ «ከፍተኛ» ይባላል። ሰው ባይሞትም መንገድ፣ የውሃ መስመር ወይም የሌላ ሰው ንብረት በብርቱ የሚጎዳ ከሆነ «ጉልህ» ይባላል። ጥፋቱ በአብዛኛው ከባለቤቱ ማሳ የማያልፍ ከሆነ «ዝቅተኛ» ነው። ባለፈው ዓመት ተሠርቶ የተመረቀ እንከን የለሽ ግድብም ከሥሩ መንደር ካለ «ከፍተኛ» ተብሎ ይመዘገባል። ስለዚህ ያስደነገጠዎት ቃል ስለ ግድቡ ጥንካሬ የሚለው አንዳች ነገር የለም።

ከእነዚህ ግድቦች ብዙዎቹ የዛሬ መቶ ዓመት ገደማ ሲሠሩ ከታቻቸው የግጦሽ መሬት እንጂ ሰው አልነበረም። ቤቶቹ የመጡት ከግድቡ በኋላ ነው። ቤቶቹ ሲመጡ የጉዳት ደረጃው ይወጣል፤ ደረጃው ሲወጣ ግድቡ ማስተናገድ የሚጠበቅበት የጎርፍ መጠንም አብሮ ይጨምራል። ለግጦሽ መሬት ይበቃ የነበረው የጎርፍ ማስተንፈሻ (ትርፍ ውሃ የሚወጣበት ቦይ) ለመንደር አይበቃም። አንድ ድንጋይ ሳይነቃነቅ፣ አንድ አካፋ አፈር ሳይጎድልበት የግድቡ ይዞታ ከ«አጥጋቢ» ወደ «መካከለኛ» የሚወርደው ብዙ ጊዜ በዚህ መንገድ ነው። የእርስዎም ግድብ ከእነዚህ አንዱ ቢሆን አይገርመኝም።

የይዞታ ደረጃው አምስት መልክ አለው። «አጥጋቢ» ማለት በማንኛውም ሁኔታ፣ በከባድ ጎርፍና በመሬት መንቀጥቀጥ ጊዜም ጭምር፣ ጉድለት አልታየበትም ማለት ነው። «መካከለኛ» የተባለው በዘወትር ሁኔታ ደህና ነው፤ ነገር ግን አልፎ አልፎ የሚከሰት ከባድ ጎርፍ ወይም መንቀጥቀጥ ሊፈትነው ይችላል። «ደካማ» ሲባል ጉድለቱ በዘወትር ሁኔታም ሊያሰጋ የሚችልና ጥገና የሚያስፈልገው ነው፤ ወሳኝ መረጃ ጎድሎ ተጨማሪ ጥናት ሲያስፈልግም ይኸው ደረጃ ይሰጣል። «አጥጋቢ ያልሆነ» የተባለው አስቸኳይ እርምጃ ይፈልጋል። አምስተኛው «ደረጃ ያልተሰጠው» ነው፤ እኔን ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ይህ ነው፤ ማንም ሄዶ አላየውም ማለት ሊሆን ይችላልና።

«ዝቅተኛ» የሚለው ቃልም ሊያታልል ይችላል። በሃዋይ ካዋይ ደሴት የነበረው የካ ሎኮ ግድብ በ1890 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ለሸንኮራ አገዳ መስኖ የተሠራ የአፈር ግድብ ነበር። በመዝገብ ላይ የጉዳት ደረጃው «ዝቅተኛ» ይል ነበር። መጋቢት 14 ቀን 2006 ከሳምንታት ዝናብ በኋላ ተደርምሶ 7 ሰዎች ሞቱ። «ዝቅተኛ» የተባሉ ግድቦች የሚፈተሹት ከሌሎቹ በረዘመ ጊዜ ልዩነት ስለሆነ፣ ከታቻቸው ሰው መስፈሩን መዝገቡ የሚያውቀው ዘግይቶ ነው፤ አንዳንዴም ከጥፋቱ በኋላ። እውነቱን ለመናገር «ከፍተኛ» ተብሎ በየጊዜው መሐንዲስ የሚረግጠው ግድብ ሥር ብኖር እመርጣለሁ።

ስለዚህ በመጀመሪያ ማየት ያለብዎት ከደረጃው ጎን የተጻፈውን የፍተሻ ቀን ነው። ባለፈው ዓመት የተሰጠ «መካከለኛ» ከብዙ ዓመት በፊት ከተሰጠ «አጥጋቢ» ይበልጣል። ከዚያ የግዛቱን የግድብ ደህንነት ቢሮ የፍተሻ ዘገባውን ይጠይቁ። በመዝገቡ ላይ ያለው አንድ ቃል ነው፤ ምክንያቱ ያለው ዘገባው ውስጥ ነው። ውሃው ከተወሰነ ከፍታ በላይ እንዳይሞላ የወጣ የእገዳ ትእዛዝ መኖር አለመኖሩንም ይጠይቁ።

ዘገባው እጅዎ ሲገባ በቀጥታ የመስኖው ውሃ ወደሚለቀቅበት ማስወጫ ቱቦ ይሂዱ። ሰው ሁሉ የሚያየው ትልቁን የአፈር ክምር ነው፤ ትንሹን የመስኖ ግድብ የሚገድለው ግን ብዙ ጊዜ በሆዱ ውስጥ የሚያልፈው ቱቦ ነው። የቆዩት ቱቦዎች አብዛኞቹ ብረት ናቸው፤ ይዝጋሉ፣ መጋጠሚያቸው ይላቀቃል። በግፊት የሚወጣው ውሃ ዙሪያውን ያለውን አፈር ቀስ በቀስ ይዞ ይሄዳል፤ ከላይ ሣሩ ለምለም፣ አናቱ ቀጥ ያለ ሆኖ ሳለ በውስጡ ዋሻ ይቆፈራል። በኮሎራዶ የሮኪ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ የነበረው የሎን ሌክ ግድብ የፈረሰው እንዲህ ነው። በ1903 ገበሬዎች ለመስኖ የሠሩት፣ ቁመቱ 8 ሜትር ገደማ የሆነ የአፈር ግድብ ነበር። በቱቦውና በቫልቩ መካከል የነበረው የእርሳስ መድፈኛ አርጅቶ ውሃ ማሾለክ ጀመረ፤ ሾልኮ የወጣው ውሃም የግድቡን አፈር ከውስጥ ቦረቦረው። ሐምሌ 15 ቀን 1982 ማለዳ ላይ ተደርምሶ ወደ 830 ሺህ ሜትር ኩብ የሚጠጋ ውሃ ለቀቀ። በሸለቆው ድንኳን ተክለው የነበሩ 3 ሰዎች ሞቱ፤ ጎርፉ የኤስቲስ ፓርክን ከተማ መሃል አጥለቀለቀ። ስምንት ሜትር ግድብ ያደረገው ነው ይህ።

ስለዚህ ቱቦው ከምን እንደተሠራና ውስጡ በካሜራ የታየው መቼ እንደሆነ ይጠይቁ። «ቫልቩ ይሠራል» የሚለው መልስ አይበቃም። ቫልቭ የሚከፍት ሰው የቱቦውን ውስጥ አያይም።

ቀጥሎ ማስተንፈሻው። የአፈር ግድብ ውሃ በአናቱ እንዲሻገር አልተሠራም፤ ከተሻገረ ጀርባውን እየበላ ይወርዳል፤ ግድቡ በሰዓታት ውስጥ ሊያልቅ ይችላል። በዚህ ነገር ከመስኖ ማኅበራት ጋር ብዙ ተጨቃጭቄአለሁ። ክረምቱ ደረቅ በሆነ ቁጥር ጥቂት ተጨማሪ ውሃ ለመያዝ ማስተንፈሻው አፍ ላይ ሳንቃ የሚደረድር ሰው አይጠፋም። ሳንቃው ለበጋው ማሳ ውሃ ይጨምራል፤ ለጎርፍ የተተወውን ከፍታ ግን ይቀንሳል። ደግነቱ ይህ ከመንገድ ዳር ሆነው በዓይን ሊያዩት የሚችሉት ነገር ነው። የወደቀ ዛፍ፣ የተከማቸ ደለል ወይም ማስተንፈሻውን አቋርጦ የተሠራ አጥር ካዩም ያው ነው።

ሌሎቹን ምልክቶች በፍጥነት ልለፋቸው። በግድቡ አካል ላይ ትልልቅ ዛፍ መብቀል የለበትም፤ ሥሩ ሲበሰብስ ለውሃ መንገድ ይሆናል። አይጠ መጎጥ ቆፍሮት ከሆነ ባለቤቱ አይከታተልም ማለት ነው። ከግርጌው ውሃ ሲወጣ ቢያዩ ወዲያው አይደንግጡ፤ የአፈር ግድብ ሁሉ ጥቂት ያንጠባጥባል። ጥርት ያለና መጠኑ ያልተለወጠ ከሆነ የተለመደ ነው። ከደፈረሰ ወይም የሐይቁ ከፍታ ሳይጨምር ድንገት ከበዛ ግን አፈር እየወጣ ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ለቢሮው መደወል ያስፈልጋል።

ዕድሜው ብቻውን አያስፈራዎ። በአይዳሆ የነበረው የቴተን ግድብ የዘመኑ መሐንዲሶች የሠሩት አዲስና ግዙፍ የአፈር ግድብ ነበር፤ ሰኔ 5 ቀን 1976 ለመጀመሪያ ጊዜ እየሞላ ሳለ ፈረሰ፤ 11 ሰዎች ሞቱ።

አሁን ወደ ቤቱ እንምጣ። «ከፍተኛ» ለተባለ ግድብ የአደጋ ጊዜ እቅድና ውሃው የሚደርስበትን ስፍራ የሚያሳይ ካርታ እንዲኖር ይጠበቃል። ቤቱ በካርታው ውስጥ ይግባ አይግባ፣ ውሃው በስንት ደቂቃ እንደሚደርስና ማን እንደሚያስጠነቅቅዎት ያጣሩ። ባንኩ የሚጠቀምበት የጎርፍ ካርታ በተለምዶ የግድብ መፍረስን አይቆጥርም፤ «ከጎርፍ ቀጠና ውጭ ነው» ቢሉዎት ለዚህ ጉዳይ መልስ አይሆንም። የተለመደው የቤት ኢንሹራንስም ጎርፍን ስለማይሸፍን ለብቻው መግባት ይኖርብዎታል።

እኔን ከጠየቁኝ፣ «መካከለኛ» የተባለው በማስተንፈሻው ምክንያት ብቻ ከሆነ፣ ፍተሻው ቅርብ ከሆነና የግድቡ ባለቤት የመስኖ ማኅበር ማስተንፈሻውን ለማስፋት እቅድና ገንዘብ ካለው ቤቱን አልተወውም። ምክንያቱ ቱቦው ከሆነ ወይም ቱቦውን ማንም አላየውም ከተባለ ግን የካሜራው ዘገባ እጅዎ ሳይገባ ቀብድ አይክፈሉ።